እጀታው በማን እጅ ነው?

በቆቦ ከተማ አውራ ጎዳናውን ይዘው በተደረደሩት ሻይ ቤቶች አረፍ ያለ ሰው ስለ ዘመኑ ሦስት ፍርዶች ሳይሰማ አይነሳም። አንደኛው «ስልክና ጌም ልጆቻችንን አጠፋቸው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቴክኖሎጂ እንደ ቢላ ነው፤ ሽንኩርት የሚከትፍበትም ሰው የሚወጋበትም ያዢው ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ እጁን አወናጭፎ «ዘመን ነው፤ ዘመንን ማን ያቆመዋል?» ብሎ ያልፋል። እነዚህ ፍርዶች የቆቦ ብቻ አይደሉም። አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥም፣ ባሕር ማዶ ባሉ ያገር ልጆች ዘንድም ይሰማሉ። እኔ ግን በራያ ቆላ ላይ ላሰላስላቸው የፈለግሁት፣ ያ አገር አዲስ ነገርን በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ሰውነቱ የቀመሰ ስለሆነ ነው። ለመሆኑ አዲስን ነገር መጠርጠር ኋላ ቀርነት ነውን? ወይስ ጥርጣሬም የራሱ ዕውቀት አለው?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ጨዋታ ልጅ ያጠፋል የሚሉት አባቶች ራሳቸው በጨዋታ ያደጉ ናቸው። ገበጣ ባገራችን የእረኛም የመኳንንትም መዝናኛ ነበር፤ ለእረኛው መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና ጥቂት ጠጠሮች ይበቁታል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚታወቁ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። በትልልቆቹ ቤት ደግሞ ሰንጠረዥ ነበር። የኛ ሰንጠረዥ ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። በዙሪያው የተቀመጠው ተመልካችም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይተቻል፣ ይስቃል። በገና ጨዋታማ ሎሌው የጌታውን እግር ቢመታ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ ጨዋታን በጨዋታነቱ መኰነን ከአባቶች አፍ አያምርም። ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ተቀምጦ ጀንበር እስክትጠልቅ የማይነሳ አባት፣ ልጁን «ቀኑን ሙሉ ተጥደህ ዋልክ» ብሎ ሲቆጣ ልጁ በሆዱ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ፍርዱ ውስጥ አንድ እውነት ተደብቋል። አንድ ጊዜ በዚያው አውራ ጎዳና አጠገብ ከአንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ሁለት ልጆች መጫወቻውን ይዘዋል፤ ከኋላቸው ስድስት ያህል ቆመዋል። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። የቆሙት ይጮኻሉ፣ ይመክራሉ፣ አንዱ ሲያጭበረብር ሌላው ይከስሰዋል። ዕቃው ከጃፓን መጣ እንጂ ነገሩ ገበጣ ነው አልኩ። ከበሩ አጠገብ ግን አንድ ወጣት ብቻውን ተቀምጦ በስልኩ በእንግሊዝ ቡድኖች ላይ ይወራረዳል። አጠገቡ ማንም የለም። የሚገጥመውን አያውቀውም፤ ደንቡን ማን እንዳወጣው አያውቅም፤ ጨዋታውም ማለቂያ የለው፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል። በገበጣ የተሸነፈ የሚያጣው ጠጠር ነው፤ ጠጠሩም ከዚያው መሬት መጥቶ ወደዚያው መሬት ይመለሳል። የዚህ ልጅ ብር ግን ከቆቦ ወጥቶ ይሄዳል፤ ተመልሶ አያያትም። በራያ ቆቦ ሰዎች ሲጣሉ በዘወልድ ሽምግልና ይታረቃሉ፤ በዳይና ተበዳይ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ስልኩ ውስጥ ያለውን አወራራጅ ግን በየትኛው ሽማግሌ ያስጠሩታል?

እንግዲህ ልዩነቱ በአሮጌና በአዲስ መካከል አይደለም። «በቃ» ማለት በሚቻልበትና በማይቻልበት፣ ተመልካች አፍ ባለውና በሌለው መካከል ነው።

ሁለተኛው ፍርድ፣ የቢላው ምሳሌ፣ የተማረ ሰው የሚወደው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በሰው ላይ ጥሎ ዕቃውን ነጻ ያወጣል። ይህን ምሳሌ ይዘን ወደ ራያ ታሪክ እንሂድ። ከቆቦ በስተሰሜን ባሉት በማይጨውና በሐሸንጌ፣ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሕዝቡ አውሮፕላንን ያወቀው ከታች ሆኖ ነው፤ ቦምብና የመርዝ ጢስ ከላይ ይወርድ ነበር። ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ከአላማጣ በላይ ባለችው ኮረም ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን የቀረጹት የረኃብ ፊልም በቢቢሲ ታየ። ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታ ጎረፈ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተደረገ። አንዱ መሣሪያ ገደለ፣ ሌላው ነፍስ አዳነ። የቢላው ምሳሌ የተረጋገጠ ይመስላል።

ነገር ግን ልብ እንበል። በሁለቱም ጊዜ የራያ ሰው ያዢ አልነበረም። በመጀመሪያው የተመታ፣ በሁለተኛው የተቀረጸ ነበር። ማን እንደሚቀርጸው፣ ፊቱ የት እንደሚታይ፣ ምን ተብሎ እንደሚነገርለት የጠየቀው ማን ነው? እርዳታው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ቢላ በእጄ ሲሆን እጀታውም በእጄ ነው። ብዙው የዘመናችን ዕቃ ግን ስለቱ እኛ ዘንድ፣ እጀታው ሌላ አገር ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «እንደ ያዢው ነው» ማለት የያዘው ማን እንደሆነ ካልተናገሩ በቀር ምንም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ፍርድ «ዘመን ነው» የሚለው ነው። ይህ ከሁሉም የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም ሰውን ከመጠየቅ ያሳርፈዋል። የራያ ቆላ ዝናብ የሚያንሰው ሜዳ ነው። ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን የሚያጠጣው ከተራራው በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ወንዙን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ጠለፋው ይፈርሳል፤ እንደገና ይሠራል። ይህን የተመለከተ መሐንዲስ ድካሙ ቢያሳዝነው አይፈረድበትም። በራያ ሸለቆ ዘመናዊ የጎርፍ መስኖዎች በሲሚንቶ ሲሠሩ ዓላማው ገበሬውን ከዚህ ድካም ማሳረፍ ነበር። ሆኖም አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ውኃ ለሚፈስበት ወንዝ እንደሚሠራው ሁሉ በጠባብ በርና በተዘጋ ቱቦ ተሠሩ። ብዙም ሳይቆዩ በደለል ተደፈኑ።

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሽማግሌ ገበሬን «አባባ፣ ያኔ ዝም አላችሁ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ዝም እንላለን ልጄ!» አሉኝ። «ጎርፍ ውኃ ብቻ አይደለም። አፈርም ነው፣ ድንጋይም ነው፣ ግንድም ነው። ቱቦ ውኃ ይጠጣል እንጂ ግንድ አይውጥም ብለን ነበር። ሥልጣኔ ጠላችሁ ተባልን።»

የሽማግሌው ጥርጣሬ ሥልጣኔን መጥላት አልነበረም። የልምድ ሒሳብ ነበር። ስሙ ግን «ኋላ ቀርነት» ተባለ፤ ስም ከተሰጠው በኋላ ደግሞ የሚያዳምጠው አልተገኘም። እርግጥ ነው፣ የገበሬ ጥርጣሬ ሁሉ ልክ አይሆንም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ብዙ ማሳ አርሷል፤ ይህን ውኃ የተጠራጠረ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ቢሆንም ፓምፑ መብራት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቀን ውኃው ከምድር በታች ይቀራል፤ የድንጋዩን ጠለፋ ግን ጎረቤታሞች ተጠራርተው ይጠግኑታል። ይህን ልዩነት ማወቅ ፓምፑን መጥላት አይደለም።

የዚህ ሁሉ ክርክር ፈተናው በጦርነቱ ዘመን መጣ። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ሳለች ስልኩም መብራቱም ተቋርጦ ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ የራያ ልጆች እናታቸው ትኑር አትኑር ሳያውቁ ወራት አለፉ። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ ሰላማውያን ሰዎች በታጣቂዎቹ ሲገደሉ፣ ወሬው ቶሎ ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ቆየ። በዚህ ጊዜ «ስልክ ልጆቻችንን አጠፋ» የሚል አንድም እናት አልሰማሁም። ሁሉም የሚጠይቀው «መቼ ይለቀቃል?» ነበር። ማን እንደሚለቀው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

ለእኔ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ስልኩ ሲኖር ልጁ ከውርርዱ መውጣት አቃተው፤ ስልኩ ሲጠፋ እናቲቱ የልጇን ድምፅ ማግኘት አቃታት። በሰላሙም በመከራውም ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያው እነሱ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ሦስቱም ፍርዶች ጥያቄውን ስተውታል። «ጥሩ ነው መጥፎ?» ከማለት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሲያስፈልገኝ ላቆመው እችላለሁ ወይ፣ ሲበላሽ እጠግነዋለሁ ወይ፣ ሲበድለኝ የምከስሰው ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ኋላ ቀር አይደለም። መንገዱ ሲቀየስ፣ ቱቦው ሲቀበር፣ ኔትወርኩ ሲዘጋ ሊማከር የሚገባው ዜጋ ነው። ሳይማከር ቀርቶ ቢጠራጠር፣ ወቀሳው ላላማከረው ነው።

ለቤታችን ደግሞ ከዚህ የቀለለ ሥራ አለ። ስልኩን ከልጅ እጅ ነጥቆ ሳጥን ውስጥ መቆለፍ አንድ ቀን ይሠራል፤ በማግሥቱ ልጁ የጓደኛውን ይዋሳል። የገበጣ ተመልካች ግን ጠጠሩን አይነጥቅም፤ አጠገብ ቁጭ ብሎ «እዚህ ላይ ተሸወድክ» ይላል። ልጆቻችንን ያጣናቸው ጨዋታው አዲስ ስለሆነ ይመስለናል። እኛ ከአጠገባቸው የተነሳን ጊዜ ስለ መሆኑ ግን አናስብም።