የዮሐንስ መልስ

ወጣት አንባቢ ሆይ! መስከረም 1 ቀን በአገራችን ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል፤ ዘመኑም በአራቱ ወንጌላውያን ስም በተራ ይጠራል። ታዲያ ዓመቱን በወንጌላዊ ስም ጠርቶ ወንጌሉን ሳይሠሩበት መጨረስ ምን ይጠቅማል?

በበዓሉ ቀን ከእንግዲህ ደግ ሰው እሆናለሁ የማይል የለም። ነገር ግን ይህ ቃል የአደይ አበባን ያህል እንኳ አይቈይም፤ ሰውየው ደግነትን በጅምላ ተመኘ እንጂ ከየትኛው ሥራው እንደሚጀምር አልቈረጠምና።

መጥምቁ ዮሐንስ ግን ሕዝቡ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በጠየቁት ጊዜ፥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 እንደ ተጻፈው፥ ለሁሉም እንደየሥራው መለሰ። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል፥ ቀራጩ ከታዘዘው አብልጦ እንዳይወስድ፥ ወታደሩ በደመወዙ እንዲበቃው ነገራቸው። ማንንም ሥራህን ትተህ ና አላለም።

ከቱም እስከ ሚዛን ተፈሪና እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከበዓሉ በኋላ የለቀማ ወራት ይመጣል። ያን ጊዜ የነጋዴው እምነት በሚዛኑ፥ የለቃሚው ቀዩን ከአረንጓዴው በመለየቱ፥ የአሠሪው የሠራተኛውን ደመወዝ በቀኑ በመክፈሉ፥ የተማሪውም በፈተናው ወረቀት ላይ ይታያል። በሐሰት ሚዛን ቡና ገዝቶ ለቤተ ክርስቲያን የስለት ጃንጥላ የሚያስገባ ሰው የሰጠው የራሱን አይደለም፤ የገበሬውን ነው።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ለዓመቱ ሁሉ ብዙ ቃል አትግባ፤ በእጅህ ባለው በአንዱ ሥራ ላይ ቍረጥ። ጳጉሜን በ5 ቀኗ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም በ6 ቀኗ ስትመጣ፥ ምን ያህል ተመኘሁ ብለህ ሳይሆን፥ በእጄ ያለፈው ሥራ ማንን ጠቀመ፥ ማንንስ ጐዳ ብለህ ራስህን ጠይቅ።