አንኮበሬው ተማሪ በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት

ስማቸው ከነማዕረጉ ሲጠራ ረጅም ነው፤ እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ። እኔ የማወራው ግን ማዕረጉ ገና ስላልደረሰለት ተማሪ ስለሆነ፣ አንቱታውን ለጊዜው ላቆየው።

አፈወርቅ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአፋር ቆላ ቁልቁል የሚታይባት፣ የሸዋ ነገሥታት የቀድሞ መናገሻ ናት። ልጅነቱ በጣልያን ወረራ ዘመን አለፈ። ጠላት በወጣ በስድስተኛው ዓመት የማዕድን ምህንድስና ሊማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። ከጉዞው በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተማሪዎቹን አስጠርተው የመከሩትን በኋላ ሲያወራው ኖሯል። ስትመለሱ የአውሮፓን ፎቅ ርዝመትና የመንገዱን ስፋት አትንገሩን፣ አገር የምታቀኑበትን ሙያና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ የሚል ነበር ምክሩ። በጊዜው ከውጭ የተመለሰ ሰው ወሬ ከምን እንደሚጀምር ንጉሡ አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ማዕድኑ ቀረ። በሒሳብም በኬሚስትሪም ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን የሥዕል መምህራኑ እጁን አዩና ወደ ሥዕሉ ገፉት። ለንደን ውስጥ መጀመሪያ በሴንትራል የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው ስሌድ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንጻ ተማረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ተመርቆ ሲመለስ እንደ ዘመኑ ምሩቃን የሚኒስቴር ወንበር ሊይዝ ይችል ነበር። አልፈለገም። ይልቅ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞረ ሕዝቡንና ባህሉን ማየት ያዘ። በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ ትልቅ ትርዒቱን አሳየ። እንደገና ወደ አውሮፓ ለጥናት የሄደው ይሄኔ ነው። ሁለት ዓመት ያህል በጣልያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በግሪክና በብሪታንያ ተዘዋወረ። በየከተማው ያረፈ መንገደኛ ተማሪ ነበር ማለት ይቻላል። በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየምን፣ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ በሮም የቫቲካንን ቤተ መጻሕፍት ደጅ ጠና፤ የፈለገውም የኢትዮጵያን ባለ ሥዕል የብራና መጻሕፍት ነበር።

እነዚያ ብራናዎች እዚያ እንዴት ደረሱ? የለንደኑ ታሪክ መራራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው ለመቅደላ መድኃኔዓለም ያከማቹትን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደው፤ ወደ 350 የሚሆነው ብራና የገባው ሙዚየሙ ውስጥ ነው። የፓሪሱ በገንዘብ የተገኘ ነው፤ አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አገራችን ከርሞ ከ200 በላይ ሰብስቧል። የሮሙ ደግሞ ወደ ሸዋ ይጠጋል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሐበሻ ተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በግእዝ አዲስ ኪዳንን በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት እዚያ ተቀምጠው ነው። የገዳሙ መጻሕፍት ከፊሎቹ ቫቲካን ገብተዋል።

ብራናውን የገለጠ ሰው የሚያየው በስሌድ ከሚሰጠው ትምህርት ይለያል። ጥላ የለም፣ ርቀትም የለም። ዓይኖች ትልልቅ ናቸው፤ ጻድቁ ፊት ለፊት ያያል፣ ኃጥኡ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። ደማቅ ቀለም በጥቁር መስመር ይታጠራል። አፈወርቅ አገሩን ሳይዞር በቀጥታ ከስሌድ ቢሄድ ኖሮ ይህን እንደ አላዋቂ እጅ ሥራ አይቶ ሊያልፈው ይችል ነበር ብዬ እገምታለሁ። በባዕድ አገር ካገኘው ብራና ጋር የሚያስተያየውን በየገጠሩ ግድግዳ ላይ አይቶ ነበርና አላለፈውም።

በዚያው ጉዞ የባለ ቀለም መስታወት አሠራርም ተማረ። ብራናውና መስታወቱ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ተገናኙ። በ1961 እ.ኤ.አ. በተመረቀው በዚህ ሕንጻ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕሉ የአፍሪካን የትናንት መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ይተርካል። ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳየው ሁልጊዜ የሚታየኝ ቀለሙን የሚያጥረው ጥቁር መስመር ነው። መስታወት ጠቢቡ የፈረንጅ ዘዴ ይለዋል፤ እኔ ግን ብራና ላይ አውቀዋለሁ።

ዛሬ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ለትምህርት አውሮፓ የሚሄድ ወጣት ጥቂት አይደለም፤ መንገዱ ፓሪስ ላይ ሁለት ቀን ቢያሳድረው ከኤፍል ማማ ሥር ፎቶ መነሳቱን የሚነቅፍ የለም። የብራና ንባብ ክፍል ግን ድንገት ለመጣ እንግዳ አይከፈትም፤ ፈቃዱን ከመነሳቱ በፊት ጽፎ መጠየቅ፣ የሚፈልገውን መጽሐፍ ቁጥር ይዞ መሄድ አለበት። ከዳባዲና ከቫቲካን ስብስብ ብዙው በኢንተርኔት ስለተለቀቀ ቁጥሩን ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ መምረጥ ይችላል። የመቅደላን ብራና በእጁ ለመግለጥ ግን የአንኮበር ልጅ አሁንም የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል።