ልጅ ሲጠይቅ ማን ይመልስ?
ስለ ሥነ ጾታ ትምህርት የቀረበ አስተንትኖ



መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ፣ ወንድ ሳታውቅ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጠየቀችው (ሉቃ. 1፡34)። መልአኩም ጥያቄዋን እንደ ነውር አልቈጠረውም፤ በአክብሮት መለሰላት እንጂ። ስለ መፅነስ ከአንዲት ድንግል የቀረበ ግልጽ ጥያቄ በመዳናችን ታሪክ መግቢያ ላይ መገኘቱን ልብ እንበል። ዛሬ ልጆቻችን ስለ ሰውነታቸውና ስለ ፍቅር ሲጠይቁን የምንሰጣቸው መልስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1984 መጀመሪያ፣ አብዛኛው ሕዝብዋ ካቶሊክ በሆነባት በአየርላንድ፣ ግራናርድ በምትባል አነስተኛ ከተማ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ በእመቤታችን ሐውልት አጠገብ ብቻዋን ወለደች። ሕፃኑም እናቲቱም ሞቱ። ከዚያም በኋላ ብዙ ሴቶች ለዓመታት ሸሽገውት የኖሩትን ተመሳሳይ ሐዘን ለአገሪቱ ራዲዮ በደብዳቤ ገለጡ። በከተማይቱ ቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ቤትም ነበረ፤ በዚያች ሰዓት ግን ከልጅቱ ጎን ማንም አልነበረም። ጠይቃ መልስ ባገኘችው እናት እግር ሥር ይህ መሆኑ ልባችንን ሊነካው ይገባል።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 የግንኙነትና የሥነ ጾታ ትምህርትን ወደ ትምህርት ቤቶች አስገባች። በ2018 የትምህርት ሚኒስትሩ ትምህርቱ እንደገና እንዲመረመር ጠየቁ፤ የጥናቱም ዘገባ በ2019 መጨረሻ ወጣ። ተማሪዎቹ ትምህርቱ ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ጥቂት እንደ ሆነ፣ ከሰው ለሰው ግንኙነት ይልቅ በአካል አሠራር ላይ እንደሚያተኩር ተናገሩ። በአንድ በኩል ዝምታ፣ በሌላ በኩል ፍቅር የሌለበት ዕውቀት፤ ሁለቱም ልጁን ብቻውን ይተዉታል። የአየርላንድ ጳጳሳትም በመቃወም ብቻ ሳይወሰኑ በ2021 ለካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን የማስተማሪያ ዝግጅት አቀረቡ።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ዝም እንድንል አላስተማረችንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ልጆች በዕድሜ እያደጉ ሲሄዱ በጎና ጥንቃቄ ያልተለየው የሥነ ጾታ ትምህርት እንዲሰጣቸው ጠይቋል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ይህ ትምህርት አስቀድሞ የወላጆች መብትና ግዴታ መሆኑን፣ ትምህርት ቤትም ከእነርሱ ጋር ተባብሮ መሥራት እንዳለበት አስረድተዋል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2016 «አሞሪስ ላቲሺያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክራቸው ትምህርቱ ለፍቅርና ራስን ለመስጠት በሚደረግ ሕንጸት ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ገልጸው፣ የሚወለደውን ልጅ ልንከላከለው እንደሚገባ ጠላት ከሚያስቈጥር አነጋገር እንድንጠበቅ አሳስበዋል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአገራችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ነገር ግን እኛ ዝም ስንል የልጁ ጥያቄ ዝም አይልም፤ ከጓደኛና ከእጅ ስልክ መልስ ይፈልጋል። እኛም ካህናት ከመንበረ ታቦቱ ፊት ስለ ዝሙት አጥብቀን ስንሰብክ፣ ወጣቱ ቀርቦ ሲጠይቀን ግን ንግግሩን ወደ ሌላ ያዞርንበት ጊዜ አልታጣምና ይቅርታ ልንለምን ይገባናል።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፣ ልጃችሁ በጠየቀ ቀን አትቈጡት፤ እንደ ዕድሜው እውነቱን ንገሩት። መምህራን ሆይ፣ ስለ አካል ክፍሎች ስታስተምሩ ያ አካል የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን (1ቆሮ. 6፡19) አትርሱ። በየትምህርት ቤታችን ወላጆችና መምህራን አብረው ተቀምጠው ምን፣ መቼ፣ በማን እንደሚነገር ይመካከሩ። ከወደቀችም ልጅ ፊት ደጃችን አይዘጋ፤ ጌታችን በድንጋይ ልትወገር የነበረችውን ሴት ከከሳሾችዋ አድኖ ዳግመኛ እንዳትበድል በሰላም አሰናብቷታልና (ዮሐ. 8፡1-11)።

ጠይቃ መልስ ያገኘችው እመቤታችን ልጆቻችን የሚጠይቁት ሰው እንዳያጡ ታማልደን። አሜን።