አካፋው ይቆይ፣ ውሃውን እይ

ልጄ፣ ከጊዳን ወርደህ ቆቦ ላይ በማኅበር ወደተሠራው ቤትህ በመግባትህ ደስ ብሎኛል። ጓዝህን ሳትፈታ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ባዶ መሬት ልትቆፍራት መነሣትህንም ሰማሁ። መትከል ከልጅነትህ የምትወደው ነገር ስለሆነ አልከለክልህም። አካፋውን ከማንሣትህ በፊት ግን የሐምሌን አንድ ትልቅ ዝናብ ጠብቅ፤ በዚያ ዝናብ መካከል ወጥተህ ውሃው ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እይ።

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ናት። ዝናቧ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተሰብስቦ ይወርድና ያበቃል፤ በልጉ አይታመንም። አፈራችንን ያደለበው አንተ ከመጣህበት ደጋ በነሆርማትና በነጎሊና ወንዞች የሚወርደው ደለል ነው። የእኛ የራያ ገበሬ ደለሉን የሚያመጣውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ሲያጠጣ ኖሯል። ጎርፍ ደግሞ ቀን ቆጥሮ አይመጣም፤ ሌሊት ይደርስና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልፋል። በዚያች ሰዓት ላጠጣ፣ አታጠጣም መባባል ደም ያፋስሳል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ማን ቀድሞ እንደሚጠልፍ፣ የላይኛው ለታችኛው መቼ እንደሚለቅ፣ ቦይ ጠረጋ የቀረ ሰው ምን እንደሚከፍል አስቀድመው ይስማማሉ፤ የሚዳኛቸውንም የውሃ አባት ይመርጣሉ። አገሪቱም በ2006 ዓ.ም. ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841 ሕጋዊ ቁመና ሰጥታቸዋለች። ይህን ማስረዘሜ የሰፈርህን የቤት ማኅበር ደንብ ከተማ የፈጠረው ጣጣ አድርገህ እንዳታየው ብዬ ነው። ቆላ ላይ ሰው ጎን ለጎን የኖረው እንዲህ እየተዋዋለ ነው።

መተዳደሪያ ደንቡን ከማኅበሩ ጸሐፊ ተቀብለህ ራስህ አንብበው፤ ከሰው አፍ አትስማው። የአጥሩን ከፍታ፣ ከብትና ዶሮ መያዝን፣ የጋራ ቧንቧውን የሚመለከተው ከማኅበር ማኅበር ይለያያል። ቧንቧው የጋራ ከሆነ አትክልት ማጠጣት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልተፈቀደ ከጣራህ የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅም። አንተን የምለምንህ ግን ስለ ጎርፍ መውረጃው ነው። የቆፈርከውን አፈር እዚያ ከደፋህ ነሐሴ ላይ ከበታችህ ያለችው ጎረቤትህ ቤት ውሃ ይገባል። ፍጉንም ከአጥሯ አርቀው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለቤት በጢስም ሆነ በመጥፎ ሽታ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል።

በአገራችን የደም ቂም እንኳ ዘወልድ በሚባሉት አስታራቂ ሽማግሎች ይበርዳል። ለአንድ የፓፓያ ጥላ ጎረቤትህን ቀበሌ እንዳታቆማት። ከመትከልህ በፊት ቡና ጠርተህ ቦታውን አሳያት፤ የሚወድቅባትን ጥላ እሷ ከአንተ ይልቅ ታውቀዋለች።

ወደ ተክሉ ስመጣ፣ የጊዳንን ባቄላና ድንች እርሳቸው፤ ሙቀቱ አይስማማቸውም። ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ዘይቱንና ማንጎ እዚህ ይሆናሉ። ፓፓያን በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ችግኝ አድርገህ ትከል። ወንዴና ሴቴው የሚለየው ሲያብብ ነውና ያን ጊዜ የምታፈራዋን ታስቀራለህ፤ ለጠቅላላው ግቢ አንድ ወንዴ ይበቃል። ማንጎው ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ከግድግዳም ከአጥርም አርቀው። ባሕር ዛፍ በዚያች ጠባብ ግቢ እንዳላይ፤ አትክልቱን ውሃ ይሻማዋል።

ቅንጬን ከወዲሁ እወቀው። ነጫጭ አበባ የሚያወጣው፣ ራያን የወረረው መጤ አረም ነው፤ አንዱ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ይረጫል። ሳያብብ ንቀለው፤ ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅህን ሸፍን። መንገድ ዳር ያለውንም አብረህ ንቀል፤ ዘሩ በጎርፍ ተሳፍሮ ከሰው ግቢ ይገባልና በአጥርህ ውስጥ ብቻ ብታጸዳ አትድንም። ይህን ለማኅበሩ ስብሰባ አንሣው። ከክረምቱ በፊት ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ እንዲነቅል ብታግባባቸው ለሰፈሩ ትልቅ ነገር ሠራህ።

ችግኞቹን ያ ትልቅ ዝናብ ካለፈ በኋላ፣ ውሃ ከማይተኛበት በኩል ትከላቸው። ሥራቸውን በማሽላ አገዳ ወይም በገለባ አልብሳቸው፤ ፀሐይዋ እርጥበቱን ቶሎ ትወስደዋለች። ለሽንኩርትና ለቃሪያው ግን እስከ ጥቅምት ታገሥ፤ በክረምት እርጥበት በሽታ ይበረታባቸዋል።