ደላላው የሚከፈለው መቼ ነው?

ልጄ፣ ለመተዋወቂያው አፕ በየወሩ ልክፈል ወይስ በነጻው ልቀጥል ብለሽ ጠይቀሽኛል። እናትሽ ስትሰማ «ይህን ጉድ!» ብላለች አሉ። እኔ ጉድ አላልኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሌሊት ሆስፒታል እየሠራ ቀን የሚተኛ ሰው ባል ከየት ያመጣል? ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መኪናው ይሮጣል፤ ሠርግ ላይም ሙዚቃው ሰው አያነጋግርም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከተዋወቁት ወንድና ሴት ጥንዶች 39 ከመቶው የተገናኙት በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ መንገዱን አልነቅፍም፤ የምጠይቀው ስለ ዋጋው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አዲስ አበባ ቤት የሚያከራይ ደላላ ኮሚሽኑን የሚበላው ውል ሲፈረም ነው። ቤት ካላገኘሽ እሱም ባዶ እጁን ይገባልና ጫማው እስኪያልቅ ይዞሽ ይዞራል። አፑ ግን የሚበላው አንቺ እየፈለግሽ እስካለሽ ድረስ ነው፤ ያገኘሽ ዕለት ደንበኛ አጣ ማለት ነው። ክፋት አለበት እያልኩ አይደለም፤ ንግዱ እንዲህ ነው። ሂንጅ የሚባለው መተዋወቂያ አፕ ራሱን የሚያስተዋውቀው «እንዲሰረዝ የተሠራ» እያለ ነው፤ ሂንጅም፣ ቲንደርም፣ ኦኬኪዩፒድም የአንድ ኩባንያ፣ የማች ግሩፕ ንብረት ናቸው። ከአንዱ ተማርረሽ ወደ ሌላው ብትሸሺ ከዚያው ጌታ ግቢ አልወጣሽም።

ታዲያ ገንዘብሽ ምን ይገዛል? ሰው አይገዛም። የሚገዛው ማን እንደወደደሽ ማየትን፣ የላይክ ገደብ መነሳትን፣ ፕሮፋይልሽ ከሌሎች ቀድሞ መታየቱን ነው። አካባቢሽ አሥር ሐበሻ ብቻ አፑ ላይ ካለ፣ ከፍለሽም አሥር ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ሕዝባችን ብዙ ስለሆነ የሚፈለግ ነገር አለ። ሚኔሶታ ገጠር ያለችው የአክስትሽ ልጅ ግን ብትከፍል ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው የሚሆንባት። ለእሷ የሚበጃት ርቀቱን አስፍታ በነጻው መጠበቅ፣ በበዓልና በማኅበረሰባችን የእግር ኳስ ውድድር ጊዜ ደግሞ ብቅ ማለት ነው።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2022 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። ከፍለው ከተጠቀሙት 58 ከመቶው፣ ፈጽሞ ካልከፈሉት ደግሞ 50 ከመቶው ልምዳቸው መልካም እንደነበር ተናግረዋል። ልዩነት አለ፤ ግን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ገቢውም የተሻለ፣ ነገሩንም አጥብቆ የያዘ ሰው ነው። መልካሙን ያመጣው ክፍያው ይሁን ሰውየው በምን ይለያል?

ዋጋውም ለሁሉም አንድ ነው ብለሽ አትመኚ። ቲንደር እ.ኤ.አ. በ2015 ፕላስ የሚባለውን የሚከፈልበት አገልግሎት ሲጀምር አሜሪካ ውስጥ 30 ዓመት የሞላውን ሰው ወደ 20 ዶላር፣ ከዚያ በታች ያለውን ደግሞ 15 ዶላር ወይም ከዚያም ያነሰ ያስከፍል ነበር። አንድ የካሊፎርኒያ ሰው ከሶ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የዕድሜ መድልዎ ነው አለለት።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ነጻውን አንድ ወር ያህል፣ በደንብ በተጻፈ ፕሮፋይልና በቅርብ ጊዜ ፎቶ (የዛሬ አምስት ዓመቱን ተይው፣ ሲያዩሽ ሌላ ሰው ይመስላቸዋል)። ቁም ነገር የሚያወራ ሰው እየመጣ፣ ጊዜ አጥተሽ ብቻ ከሆነ የሚያመልጥሽ፣ የአንድ ወር ክፈይ። ስድስት ወር ባንዴ ቢከፈል ይረክሳል ይሉሻል፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በነጻው ማንም ካልጻፈልሽ ደግሞ ከመክፈልሽ በፊት ፕሮፋይሉን ለጓደኛሽ አሳዪ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

አደራ ስለ ካርዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሰብስክሪፕሽንም እንደዚያው ነው። አፑን ከስልክሽ ብታጠፊው ክፍያው አይቆምም፤ በአፕል ወይም በጉግል በኩል ከፍለሽ ከሆነ እዚያው ሰብስክሪፕሽን የሚለው ውስጥ ገብተሽ ነው የምትሰርዢው። በከፈልሽበት ዕለት ሰርዢው፤ ወሩ እስኪያልቅ ይሠራልሻል። አንድ ዘመዳችን አግብቶ ልጅ ወልዶም ከካርዱ ላይ በየወሩ ይቆረጥበት ነበር፤ ክፍያውን ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ ለማስረዳት ያየውን አሳር አትጠይቂኝ።

«የሚከፈልበት ላይ ሌባ የለም» የሚሉሽን አትስሚ። ሌባም ይከፍላል፤ ለእሱ የሥራ ወጪ ነው። በ2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ማችን ሲከስ አንዱ ቅሬታው ይኸው ነበር፦ በአጭበርባሪነት ከተጠረጠሩ አካውንቶች የመጣውን «ወዶሻል» የሚል መልእክት ነጻ ተጠቃሚውን ለማስከፈል ይልክ ነበር ብሎ። ክሱ የአሰራረዝ ጉዳይም ነበረበት፤ በ2025 ኩባንያው 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነገሩ አለቀ። በ2023 ብቻ በፍቅር ስም ተታልለው ለዚያው ኮሚሽን ካመለከቱ ሰዎች የተወሰደው ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ነው የምሠራው፣ ቪዲዮ አይሠራልኝም፣ ክሪፕቶ ላስተምርሽ ያለሽን ሁሉ ያን ቀን ዝጊው። የእኛ ቋንቋ የሚናገር ስለሆነም ብቻ አትመኚው።

የወደድሽው ሲገኝ ቶሎ በአካል ተያዩ፤ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ፣ በራስሽ መኪና ሄደሽ። ሦስት ወር የተጻጻፈ ሰው በአሥር ደቂቃ ቡና ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ስሙን ከነአያቱ ላኪልኝ። ሰባት ቤት መቁጠር አፑ አይችልም፤ ያንን በስልክ እኔ አጣራለሁ፣ ጎንደር ያለው አጎትሽም ይረዳኛል።