ሻንጣሽን አዘጋጂ ሲባል

 

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ እሁድ እሁድ ስንገናኝ ጥግ ይዘን የምናወራው ነው። ሰው ያሰበው ነገር በአንድ ቀን ሲገለበጥበት ምን ማድረግ አለበት? አንዳንዶቻችን «የመጣውን መቀበል ነው፣ ሁሉም በፈቃዱ» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ዝም ስለምንል ነው የሚጫወቱብን» እንላለን። አባቶቻችን «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለዋል። ጥሩ ምክር ነው። ግን ወንዝ ሁሉ አንድ ነው ወይ?

እስቲ ነገሩን ራቅ ብለን በሌሎች ሰዎች ሕይወት እንየው። ሞርሞን ስለሚባሉት ሰምታችሁ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤታቸውም አሜሪካ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ይገኛል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ (እ.ኤ.አ. ጥር 1985) አባሎቻቸው ጾመው የምግባቸውን ዋጋ ለኢትዮጵያና ለሌሎች የአፍሪካ ተጎጂዎች አዋጥተዋል። በትምህርት ከብዙዎቻችን ጋር አይገጥሙም፤ እኔም ዛሬ ስለ ትምህርታቸው ልከራከር አልተነሣሁም። የምናገረው ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ሁለት እየሆኑ ስለሚሄዱት ወጣት ሚሲዮናውያን ነው። ኑሮአቸው በአንዳንድ ነገር የእኛን ይመስላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ወንዶቹ 2 ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። ደመወዝ የላቸውም፤ እንዲያውም ወጪውን በአብዛኛው ራሳቸው ወይም ቤተሰቦቻቸው ናቸው የሚችሉት። አገር አይመርጡም። ማመልከቻ ያስገባሉ፣ ከዚያ «ብራዚል ሂድ»፣ «ጃፓን ሂጂ» የሚል ጥሪ ይደርሳቸዋል። አብሮአቸው የሚያገለግለውን ጓደኛም አይመርጡም፤ ከዚያ ጓደኛ ጋር ግን ሌት ተቀን አይለያዩም። በየ6 ሳምንቱ ገደማ የዝውውር ሰሞን አለ። ማን እንደሚቀር፣ ማን ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ የሚወስነው ኃላፊያቸው ነው፤ የሚነገራቸውም ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሰፈሩን ለመድኩ፣ ሰው አወቅኩ ሲሉ ሻንጣ ማንሣት ነው። እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ቤተሰባቸው ጋ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ በገናና በእናቶች ቀን። በየሳምንቱ እንዲደውሉ የተፈቀደላቸው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ስልኳን ማዳም የቆለፈችባት እህት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት መናገር አያስፈልገኝም።

ይህ እንግዲህ አስቀድሞ የሚታወቀው ለውጥ ነው። ማንም ያልጠበቀው ደግሞ አለ። በ2016 የሩሲያ መንግሥት ከአምልኮ ቤት ውጭ መስበክን የሚገድብ ሕግ አወጣ። ልጆቹ የሄዱት ሊሰብኩ ነበር፤ ከሐምሌ ጀምሮ ግን መንገድ ላይ ሰው አስቁሞ ስለ እምነት ማስተማር የሚያስቀጣ ሆነ። መጠሪያቸው እንኳ ተለውጦ «በጎ ፈቃደኞች» ተባሉ። በጥር 2022 ደግሞ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዩክሬን ውስጥ የነበሩት ወደ ሌላ አገር እንዲወጡ ተደረገ።

ትልቁ ግን የ2020ው ነው። በ2019 መጨረሻ በዓለም ላይ 67 ሺህ ገደማ ሚሲዮናውያን ነበሯቸው። መጋቢት 2020 ላይ ኮሮና ሲስፋፋ ብዙ ሺዎቹ ወደየትውልድ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ፊሊፒንስ የነበሩት የውጭ አገር ልጆች በሙሉ በአንድ ሰሞን ወጡ። ቋንቋው ገና አፋቸው ላይ መግባት ሲጀምር፣ ያስተምሩት የነበረውን ሰው በወጉ ሳይሰናበቱ፣ አውሮፕላን ላይ ወጡ። አገራቸው ሲደርሱም 14 ቀን ለብቻ መቀመጥ ነበረባቸው። ጊዜያቸው ሊያልቅ የቀረበው ተሰናበቱ። የቀሩት በአገራቸው ውስጥ ሌላ ቦታ ተመደቡ፣ ወይም ቆይተው እንዲቀጥሉ ምርጫ ተሰጣቸው። ባሉበት የቆዩት ደግሞ ክፍላቸው ውስጥ ተዘግተው በስልክና በቪዲዮ ማስተማር ያዙ። በ2020 መጨረሻ ቁጥራቸው ወደ 52 ሺህ ወርዶ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? «ሥራዬ በር እያንኳኳሁ መዞር ነው» ብሎ ለሚያስብ ልጅ በሩ ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ተዘጋ። «ሥራዬ የሰው ልብ ጋ መድረስ ነው» ብሎ ለሚያስብ ግን ስልኩም በር ሆነለት። ጉዳይ ሌላ ነው፣ የጉዳይ መንገድ ሌላ ነው። እኛም ብንሆን እዚህ አገር የመጣነው የዚህችን ማዳም ቤት ልናጸዳ አይደለም። ታናሽ ወንድም ሊማር፣ የእናት ቤት ቆርቆሮ ሊለብስ፣ የራሳችንም ኑሮ ሊቃና ነው የመጣነው። ቤቱ ሲለወጥ፣ ከልጅ ጠባቂነት ወደ አሮጊት አስታማሚነት ስንዞር፣ ጉዳያችን እስካለ ድረስ መንገዱን መልመድ ይቻላል። ወንዝን እንደ ወንዙ መሻገር ማለት ይህ ይመስለኛል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። በእነዚያ ልጆችና በእኛ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። እነሱ ከመጀመሪያው ወደው ገብተውበታል። በቃኝ ካሉ፣ ቢያፍሩም፣ አገራቸው መመለስ ይችላሉ። ተመለሱ ሲባሉ ቲኬት የሚገዛላቸውና ኃላፊነት የሚወስድላቸው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቅ ዘመድ አለ። የእኛን እህት ግን ቢሮው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እንደ ጋዝ ሲሊንደር ሲያዛውራት «ፈቃድሽ ነው ወይ?» የሚላት የለም። በዚያው በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው ያራገፏቸውን እህቶች አንረሳም። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም፣ አንዳንዶቹም ፓስፖርታቸው በእጃቸው አልነበረም። እንዲህ ያለችውን እህት «ለውጥን መልመድ ነው፣ ታገሺ» ብንላት ምክር አይባልም፤ ከተበዳይዋ ጋር ሳይሆን ከበዳዩ ጋር መቆም ነው። ደመወዝ ሲቀር መንገድ ተለወጠ አይባልም፣ ጉዳዩ ራሱ ተወሰደ እንጂ። ትዕግሥት የሚያምረው ሊታገሡት በሚገባ ነገር ላይ ነው።

ስለዚህ «ሻንጣሽን አዘጋጂ» ስትባሉ ልባችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ የተለወጠው መንገዴ ነው ወይስ ጉዳዬ? መንገድ ከሆነ፣ ጸልየሽ ቀበቶሽን ጠበቅ አድርገሽ እለፊ። ጉዳይሽ ወይም ክብርሽ ከሆነ ግን መናገር፣ ምስክር መያዝ፣ ሰው መጥራት ኃጢአት አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈችውን የንዕማንን ሚስት አገልጋይ አስቧት። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ከእስራኤል ተማርካ የሶርያ ሰው ቤት የገባች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ በእኛ ቋንቋ ሠራተኛ ማለት ነው። መጽሐፉ መማረኳን ጥሩ ነው አላለም። እሷ ግን የምታምነውን አልረሳችም፣ አፏንም አልዘጋችም፤ ጌታዋ የሚድንበትን መንገድ የተናገረችው እሷ ናት። ኑሮዋን ለመደች፣ ማንነቷን ግን አልለቀቀችም።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚያመኝ ነው። ሳይጨርሱ መመለስ። በሞርሞኖቹ ዘንድ ጊዜውን ሳይጨርስ የተመለሰ ልጅ፣ በሕመምም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ብዙ ጊዜ በሰው ዓይን ይሸማቀቃል። በ2020 የተመለሱት ግን ብዙ ስለነበሩና ምክንያቱ ለሁሉ ስለታወቀ «ለምን መጣህ?» የሚላቸው አልነበረም። በእኛ ዘንድስ? ኮንትራቷን ሳትጨርስ አገሯ የገባችውን «ባዶ እጇን መጣች» እንላለን። እሷን ያስመለሳት ሕመም ወይም ዱላ ግን በራድዮ አልተነገረ፣ ማን ይወቅላት? ስምንት ወር የላከችው ገንዘብ ወንድሟን አንድ ክፍል አሳልፎት ከሆነ ያ ክፍል አልፏል፤ እሷ ስለተመለሰች ተመልሶ አይወድቅም። የተሠራ ሥራ የተሠራ ነው። በወር ብዛትና በሻንጣ ክብደት ሰው መመዘን ከእኛ መካከል ይቅር።

እንግዲህ እህቶች፣ ሁሉ ሰላም ሳለ ጥቂት ነገር እናድርግ። የፓስፖርታችንንና የኮንትራታችንን ኮፒ ለምናምናት እህት እንስጥ። የአሠሪያችንን ስልክና የቤቱን አድራሻ ወረቀት ላይ እንጻፍ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላልና። ለቤተሰብም ስንደውል «እዚህ አገር ነገር ቶሎ ይለወጣል፣ በድንገት ብመጣ አትደንግጡ» ብለን ከአሁኑ እንንገራቸው። ከመካከላችን በድንገት የምትሄድ ካለች ደግሞ ስንት እንደያዘች አንጠይቃት፤ ሸኝተናት፣ ጸልየንላት፣ ስልኳን ይዘን እንቅር።

እግዚአብሔር መውጣታችንንና መግባታችንን ይጠብቅ። ለእሁድ ሰው ይበለን። አሜን።