ደመወዝ የሌለው ሥራ፦ ደቦ ወይስ ወንፈል?

በሰፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ አሉ። ባለፈው ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገድ ላይ አስቆሙኝና፣ “አንተ እንኳ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህችን ልጅ ምከርልኝ” አሉኝ። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከዓመት በፊት በሶሲዮሎጂ ተመርቃለች፤ ጋውን ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። ስድስት ወር ያህል ሥራ ስትፈልግ ከቆየች በኋላ አሁን በአንድ ሆስፒታል በነፃ ታገለግላለች። ከገጠር የመጡ ሕሙማንን ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ገንዘብ ቤት፣ ከዚያም ወደ መድኃኒት ቤት እየመራች ታደርሳለች። ማንበብ ለማይችሉት ታነብላቸዋለች፤ ሐኪሙ ያላቸውን ደግማ ታስረዳቸዋለች።

“ታዲያ ምን ይከፋል?” አልኳቸው።

“ምን ይከፋል ትለኛለህ? የታክሲዋን እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ፤ ምሳዋን እናቷ ትቋጥርላታለች፤ እሷ ደግሞ ሆስፒታል ትረዳለች። ለመሆኑ ማን ማንን ነው የሚረዳው?”

መልስ አልነበረኝም። “እስቲ አነጋግራታለሁ” ብዬ ተለየኋቸው። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ላጣሁት መልስ የከፈልኩት ዕዳ ነው።

እንዲህ ላለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል። አንደኛው የብልጦች መልስ ነው። የሥራ ማስታወቂያው የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ያለ ልምድ አይገኝም። ስለዚህ በነፃ ማገልገል ይህን ዙሪያ ጥምጥም የሚሰብር ቁልፍ ነው ይሉናል። ሁለተኛው የሰባኪዎች መልስ ነው፤ ወገንን ማገልገል የህሊና እርካታ ስለሆነ ዋጋ አይጠየቅበትም የሚል። የመጀመሪያው ስጦታን ወደ ግዢ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ደግሞ ገና ራሱን ያልቻለን ወጣት ቅዱስ እንዲሆን ይጠይቀዋል። ሰፈርተኛው በበኩሉ ሁለቱንም አይሰማም። “ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ብሎ ያልፋል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥተው፣ በአብዛኛው በመምህርነት እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ብዙዎቹ አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ግዴታ እንጂ ፈቃድ አልነበሩም። በኋላም በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው በመንግሥት ይመደብ ነበር፤ “የት ተመደብህ?” እንጂ “ምን ዓይነት ሥራ ያረካሃል?” ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ ሥርዓት ሲቀር ምርጫው ወደ ተመራቂው ዞረ። ምርጫ ሲዞርበት ግን ስንቅ አብሮ አልተሰጠውም። የዛሬው ተመራቂ ፈቃዱ በእጁ ነው፤ የታክሲው ሂሳብ ግን ከአባቱ ኪስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን በራሳችን ሚዛን እንመዝነው። ገበሬያችን ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሥራ በአንድ ስም አይጠራውም። ወንፈል አለ፤ ደቦ አለ። በወንፈል ዛሬ ያንተን ማሳ አርሜ ስውል፣ ነገ የኔን ታርምልኛለህ። ቀኑ ይቆጠራል፤ መቁጠሩም አያሳፍርም። በደቦ ግን ባለ ጉዳዩ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራው ይመጣል፤ የሠራበትን ቀን ቆጥሮ “መልስልኝ” አይልም። ሆኖም ጠሪው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጠላ ይጠመቃል፤ እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥ ይሠራል። ደቦ ጠርቶ ሳያበላ ሰው የሚያሰናብት ገበሬ ቢኖር፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰብሉን ብቻውን ይሰበስባል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምላሽ እየጠበቁ መስጠት ኃጢአት አይደለም፤ ወንፈል ይባላል። ተመራቂዋ ልጅ “ነገ ሥራ ያስገኝልኝ ይሆናል” ብላ ብታገለግል የምታፍርበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ ምላሽ በማይቆጠርበት በደቦ እንኳ ተቀባዩ ግዴታ አለበት። ወንፈሉን ሳይመልስ፣ የደቦውንም እንጀራ ሳያቀርብ ጉልበት የሚወስድ ሰው በሁለቱም ስም አይጠራም። ለእርሱ ሌላ የቆየ ስም አለን፤ ገባር አሳዳሪ ይባላል።

ስለ ሌላው ብቻ እንዳላወራ የራሴን ላንሣ። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ እንደወጣሁ ወደ አንድ ዝግጅት ክፍል ሄድኩ። “ለጊዜው በጀት የለንም፤ ግን ልምድ ታገኛለህ፤ ቦታ ሲከፈት ቅድሚያው ያንተ ነው” ተባልኩ። ስምንት ወር ሠራሁ። ዜና ተረጎምኩ፤ ቃለ ምልልስ ከመቅረጫ ላይ ገለበጥኩ፤ የኅትመት እርማት አነበብኩ። የጻፍኩት አንዳንዴ በሌላ ሰው ስም ወጣ። በስምንት ወር ውስጥ አንድም ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ “ይህ አንቀጽ ለምን እንደማይቆም ላሳይህ” አላለኝም። ቦታው ሲከፈትም ሌላ ሰው ገባበት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በዚያው ዘመን ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ እየሄድኩ ለአንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ መጽሐፍ አነብለት ነበር። በጎ ሥራ ልሥራ ብዬ አልነበረም የጀመርኩት፤ ያነብለት የነበረው ጓደኛዬ ታሞ ለአንድ ቅዳሜ ልተካው ብዬ ነው። ተማሪው ትዕግሥት የሚባል አያውቅም። “ቆይ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ድገመው” ይለኛል። እደግመዋለሁ። “አንተም አልገባህም፤ ይህ ያልገባው ሰው አነባበብ ነው” ይለኛል። እውነቱን ነበር። በአማርኛችን ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ሰሚው ያንን ሁሉ ቃል ተሸክሞ እስከ ዓረፍተ ነገሩ ዳርቻ መጓዝ አለበት። ሸክሙ ሲበዛ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ይህንን ማንም መምህር አላስተማረኝም። የተማርኩት እፊቴ የተቀመጠ ሰው ሸክሙን ሲጥል እያየሁ ነው። የአንድ ቅዳሜው ተተኪ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ዛሬም የጻፍኩትን ሁሉ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የምበላው እንጀራ ከዚያ ልማድ የመጣ ነው።

ሁለቱም ያለ ደመወዝ የተሠሩ ናቸው። ታዲያ አንዱ ስለምን መራራ፣ ሌላው ስለምን ጣፋጭ ሆነ? ለረጅም ጊዜ ምክንያቱ የልቤ ንጽሕና ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ጥቅም ፈልጌ፣ እዚህ ግን በየዋህነት ስለሄድኩ። አሁን እንደዚያ አላስብም። ልዩነቱ በኔ ልብ ውስጥ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነበር። ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ብቀር ሌላ በነፃ የሚሠራ ወጣት በር ላይ ቆሟል። ስድስት ኪሎ ግን አንድ ሰው ይጠብቀኝ ነበር። ያን ቅዳሜ ብቀር ያንን ምዕራፍ ሳይሰማ ፈተና ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ስሳሳት ይነግረኛል። የሚያረካ ሥራ የሚባለውን ስፈትሸው የማገኘው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ የሚጠብቅህ ሰው መኖሩና፣ ስታጠፋ የሚያርምህ መኖሩ። ደመወዝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አስፈላጊ ነው፤ ግን እነዚህን አይተካም። እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት ሥራ ደመወዝ ቢኖረውም ይጎመዝዛል፤ ደመወዝም ከሌለው ብዝበዛ ይሆናል።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚልቅብኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ሕይወት ነው። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ከጀመሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ማሚቱ በወሊድ ጉዳት ምክንያት ፌስቱላ ይዟት ወደ እነርሱ መጣች። ገና ልጅ ናት፤ ማንበብና መጻፍ አትችልም። በሕክምና ላይ ሳለች አልጋ ማንጠፍ፣ ሌሎቹን ሕሙማን መርዳት ጀመረች። ከዚያም በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ታቀብል ጀመር። ሐኪሞቹ ይህንን እጅ አይተው “ጎበዝ፣ በርቺ” ብለው አላለፉም፤ አስተማሯት። መደበኛ ትምህርት ቤት ሳትገባ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች፤ ሌሎች ሐኪሞችንም እስከ ማሠልጠን ደረሰች። በ2018 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ በመቶ ሴቶች ዝርዝሩ ውስጥ ስሟን አስገብቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ታሪክ “ስትረዳ ኖራ ተሳካላት” ብለን ብቻ ከተረክነው ግማሹን እንተወዋለን። እርሷ አልጋ አነጠፈች፤ ያ የእርሷ ድርሻ ነው። አልጋ የምታነጥፈውን ልጅ እስከ መጨረሻው አልጋ አንጣፊ አድርጎ ማስቀረት ይቻል ነበር፤ ርካሽም ነበር። እንዲያ አለማድረግ የሐኪሞቹ ድርሻ ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አድርገን እንዳንጠቀምበት ያስጠነቅቃል። የሐሳቡ ጉልበት ያለው “ብቻ” በምትለው ቃል ላይ ይመስለኛል። አንዱ ባንዱ መጠቀሙ አይቀርም፤ ወንፈልም መጠቃቀም ነው። ክፋቱ የሚጠቀሙበት ሰው የራሱ መድረሻ እንዳለው መርሳቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሽማግሌው ጥያቄ እንደገና ይመጣብኛል። እኔ ስምንት ወር ያለ ደመወዝ የሠራሁት፣ ሁለት ዓመት ቅዳሜዬን የሰጠሁት በምን አቅሜ ነው? እናቴ ጧት ጧት ዳቦና ሻይ፣ ማታ ማታ እንጀራ ስላቀረበችልኝ ነው። ሳስበው በቤታችን ውስጥ እውነተኛዋ በጎ ፈቃደኛ እርሷ ነበረች፤ የምስክር ወረቀት ግን ማንም አልሰጣትም። አብረውኝ የተመረቁ፣ ገጠር ያሉ ወላጆቻቸው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን በጉጉት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ለእነርሱ ስምንት ወር ቀርቶ ስምንት ቀን በነፃ መሥራት አይታሰብም ነበር። ወደ ሥራ የሚያስገባው በር ነፃ አገልግሎት ብቻ ሲሆን፣ በሩ የሚከፈተው እናቱ ልታበላው ለምትችል ልጅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ “በጎ ፈቃድ” የምንለው ነገር በጎ መባሉ ቀርቶ የድኻን ልጅ ከደጅ የሚያስቀር አጥር ይሆናል። መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ የደቦውን ወግ ይጠብቁ የምለው ለዚህ ነው፤ የመጓጓዣና የምሳ፣ የሚያስተምር አንድ ሰው፣ የሚያበቃበት የታወቀ ቀን፣ የተሠራውን በሐቅ የሚመሰክር ደብዳቤ። ይህንን መስጠት የማይችል ጠሪ ባይጠራ ይሻላል።

ልጅቱን አነጋገርኳት። እንደፈራሁት ስብከት አላስፈለጋትም። “ጋሼ፣ እኔ ባንክ ነበር የምፈልገው” አለችኝ። “አሁን ግን ጧት ስገባ ‘ያቺ ልጅ መጣች?’ ብለው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ባንኩን ረሳሁት። ማኅበራዊ ሠራተኛ መሆን ነው የምፈልገው።” ስትሳሳትስ ማን ያርማታል ብዬ ጠየቅኋት። አንዲት ነርስ አለች፤ ትቆጣለች፤ ግን ታሳያለች አለችኝ። ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ። “ታክሲውስ?” አልኳት። ዝም አለች። መጠየቅ ያሳፍራታል፤ በነፃ ላገለግል መጥቼ ገንዘብ ብጠይቅ ምን ይሉኛል ትላለች።

አባቷን ሳገኛቸው የነገርኳቸው ይህንን ነው፤ “ልጅዎ ያለ ሥራ አይደለችም። ሥራ አግኝታለች፤ ያላገኘችው ደመወዝ ነው። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።” ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ “እንግዲያው የታክሲውን እኔ እጠይቅላታለሁ” አሉ። “እሷ ብታፍር እኔ አላፍርም። እኛ አገር ደቦ የጠራ ሰው ያበላል።”

ይህን ወግ እኔ አልነገርኳቸውም፤ እርሳቸው ያውቁት ነበር። ሰኞ ጧት ኮታቸውን ለብሰው ከልጃቸው ጋር ወደ ታክሲ ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።